ሳልሞን የገባበት ዘንዶ

ባለፈው ሳምንት ባላርድ የሚባለው ሰፈር ጉዳይ ነበረኝና መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ ሄል ሸተተኝ። የሻይ ሄል አይደለም፤ ዳቦ ውስጥ የገባ፣ ቅቤ የጠጣ፣ ገና ከምድጃ የወጣ ሄል። ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ዳቦ ቤት ነው የሚመጣው። አንዲት ሴት ከኋላዬ "ሶሪ" እስክትለኝ ድረስ በሩ ላይ ተገትሬ የሰው መንገድ መዝጋቴን አላወቅሁም። ገብቼ አንድ ገዛሁ። ጉዳዬን ትቼ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩና፣ ፍርፋሪው ልብሴ ላይ እየተበተነ፣ ብቻዬን በላሁት። የእማማ አይኖ ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ዐሥር ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከደሴ ወደዚህ አገር ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ የምንኖረው እዚሁ ከተማ ኦቴሎ የሚባል ሰፈር፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። ዛሬ ባቡር የሚሄድበት መንገድ ያኔ አውቶብስ ብቻ ነበረው። አባቴ ታክሲ ይነዳል። እናቴ ፋጡማ ደግሞ ሆም ኬር የሚባል ሥራ አገኘች፤ አቅም ያነሳቸው አዛውንት ቤት እየሄደች ታበስላለች፣ ታጸዳለች፣ መድኃኒታቸውን ታስታውሳቸዋለች። አንድ ቀን እራት ላይ ለአባቴ፣ "ከሰኞ ጀምሮ አይኖ ጋ ነኝ" አለችው።

"ዓይኗ ምን ሆነ?" አልኩ እኔ።

"የማን ዓይን?"

"የሴትዮዋ።"

"ስማቸው ነው፣ አንቺ! አይኖ። የፊንላንድ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከአንቺ ዓይን ይሻላል።"

አላመንኳትም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጠብቀኝ ሰው ጠፋና እናቴ አስፈቅዳ ይዛኝ መሄድ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ወንበራቸው ድረስ ተጠግቼ እጄን ፊታቸው ላይ ግራና ቀኝ አወዛወዝኩት። ሰማያዊ ዓይናቸው እጄን ግራ ተከተለው፣ ቀኝ ተከተለው፤ ከዚያ "ሃሎ" አሉኝ። እናቴ በሃፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች።

ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥኩም፤ አስተርጓሚ ሆንኩ። የእናቴ እንግሊዝኛ "ኦኬ"፣ "ሶሪ" እና "ቴንኪው" ነበር፤ የእኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ገብቶ ጉራ ለምዷል። አባቴ "ክብርት አስተርጓሚ" ነበር የሚለኝ፤ እኔም ከልቤ ክብርት ነበርኩ። ችግሩ አማርኛው ላይ እጨምራለሁ፣ እንግሊዝኛው ላይ እቀንሳለሁ። እማማ አይኖ "ወለሉ በቅቶታል፣ ትቀመጥ" ሲሉ እኔ ለእናቴ፣ "እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ፣ ደክሞሻልና አረፍ በይ ብለዋል" እላታለሁ። እናቴ "ኧረ ምን በወጣኝ! እናቴ ማለት ናቸው፤ አላህ ጤናቸውን ይስጣቸው" ስትል እኔ "ኖ ፕሮብለም አለች" ብዬ እገላገላለሁ። አንድ ቃል ሳላውቀው ስቀር ደግሞ የሚመስለኝን እከታለሁ። አላውቅም ማለት ለእኔ ሞት ነበር።

አንድ ቀን ብቻ አላስፈለግኳቸውም። እማማ አይኖ ዳቦ ጋግረው ነበርና እናቴ ቤት ስትገባ ቀጥ ብላ ቆመች። "ሄል! ዳቦ ውስጥ?" አለች። እሳቸው ቃሉን አልሰሙትም፤ አፍንጫዋን ግን አዩ። ከመደርደሪያው ትንሽ ብልቃጥ አወረዱ። እናቴ አሸተተች፣ እሳቸው አሸተቱ፣ እንደገና እናቴ አሸተተች፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆኑ። እኔ በመሀላቸው ቆሜ የምተረጉመው ነገር አጥቼ ቅር አለኝ።

ሳሎናቸው ውስጥ አባታቸው ያነበቡላቸው የነበረ አሮጌ የሥዕል መጽሐፍ ነበር። አባታቸው ፊንላንድ ውስጥ የገጠር አስተማሪ ነበሩ። መጽሐፉ መሀል ላይ አረንጓዴ፣ ባለ ክንፍ፣ ከአፉ እሳት የሚወጣ አውሬ አለ።

"ድራገን!" አልኩ።

"ሎሂካርሜ" አሉ እማማ አይኖ።

እንድደግመው አደረጉኝና ፈቱልኝ። ሎሂ ማለት ሳልሞን ነው፣ ዓሣው፤ ካርሜ ማለት እባብ። በእሳቸው አገር ዘንዶ ሳልሞን-እባብ ነው የሚባለው።

"ለምን?"

"አንቺ አስቢ" ብለው ለቀትር እንቅልፋቸው ገቡ።

አሰብኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ አውቶብስ ውስጥ አሰብኩ። ሳልሞን ስለሚበላ ነው? ሥጋው እንደ ሳልሞን ቀይ ስለሆነ ነው? በመጨረሻ እውነቱን ደረስኩበት፤ ሳልሞን ሲያረጅ ዘንዶ ይሆናል። አለቀ። ይህን ለማረጋገጥ መርከቦች የሚያልፉበት የውሃ መዝጊያ ጋ መሄድ ነበረብን። ከቤታቸው ወረድ ብሎ ነው፤ ሳልሞኖቹ ከባሕር ወደ ሐይቁ የሚወጡበት ደረጃ ተሠርቶላቸዋል፤ ከመሬት በታች ገብቶ በመስተዋት ማየት ይቻላል። እማማ አይኖ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እናቴ ክንዳቸውን ደግፋ፣ እኔ ፊት ፊት እየሮጥኩ ሄድን።

መስተዋቱ ላይ ተለጠፍኩ። ስንቱ ዓሣ! ውሃው ወደኋላ ይገፋቸዋል፣ እነሱ ወደፊት። ክንፍ ማውጣት የጀመረ ፍለጋ አንድ በአንድ መረመርኳቸው። አንዱ መንጋጋው ቆልመም ያለ፣ ጥርሱ የወጣ፣ አስቀያሚ መጣ።

"ይሄ ነው! እየሆነ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ሱብሃነላህ" አለች እናቴ፣ "ይሄ ሁሉ ዓሣ ወዴት ነው የሚሄደው? ጠይቂልኝ እስቲ።"

"ሆም" አሉ እማማ አይኖ።

"ወደ ቤታቸው" ብዬ ተረጎምኩ።

"ዓሣም ቤት አለው?" አለች እናቴ፤ ግን ደስ አላት።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ግኝቴን ነገርኳቸው። እማማ አይኖ ጨርሰው ሰሙኝ፤ አልሳቁም። "ጥሩ አስበሻል" አሉኝ፣ "ግን ዘንዶው ውስጥ ምንም ሳልሞን የለም። ጆሮ ነው ያስገባው።"

አባታቸው እንዳስተማሯቸው፣ ድሮ ድሮ ከባሕር ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻቸው፣ ስዊድኖቹ፣ ለዚህ አውሬ "ፍሎግ" ብሎ የሚጀምር ስም ነበራቸው። በራሪ ማለት ነው፤ በራሪ እባብ። የፊንላንድ የጥንት አፍ ደግሞ ቃል ሲጀምር ሁለት ድምፅ ተጣብቆ ከመጣበት አይወድም፤ የፊተኛውን ይጥለዋል። "ፍ" ተጣለች። የቀረው ነገር ለማንም ምንም ማለት አይደለም። ሎሂ ግን በየወንዙ አለ፤ በየድስቱ አለ። "ጆሮ የማያውቀው ነገር ሲመጣበት" አሉ፣ "የሚያውቀውን ያስገባበታል።" በራሪው እባብ በዚሁ ሳልሞን-እባብ ሆኖ ቀረ።

"ማንም አላረመውም?"

"ማን ያርመው? ዘንዶው እንደሆነ ቅር አላለውም።"

ከዚያ እናቴን በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ "ስኩልን ምን ብላ ነው የምትጠራው?" አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። እናቴ "እስኩል" ነው የምትለው። "እስትሪት"፣ "እስቶር"። ሰው ፊት ስትል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ቀስ ብዬ "እስኩል" አልኩ።

"እኛ 'ኮሉ' ነው የምንለው። 'ስ'ን ወዲያ ጣልናት። እናንተ ቃሉ ፊት ላይ በር ሠራችሁለት፤ እኛ የነበረውን በር ነቀልን። ሁላችንም ግን ገባን አይደል?"

በእናቴ አማርኛ-እንግሊዝኛ አለማፈር የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው ቃል አጣሞ ሲሰማ "ሳልሞን ገባበት" እንባባላለን።

እናቴ ታሪኩን ስነግራት ያስገረማት ሌላ ነገር ነው። "ዘንዶ? ዘንዶማ አለ! አባቴ ቆላ ወርዶ በዓይኑ አይቷል፤ ፍየል ውጦ ተጋድሞ።" እኔም ዘንዶን "ድራገን" ብዬ አቀረብኩት። እማማ አይኖ፣ "አባቷ ድራገን አይተዋል?" አሉና ምርኩዛቸውን ተደግፈው እናቴን በአክብሮት አዩዋት። ይህም ሳልሞን ነበር፤ እኔ ግን አልታወቀኝም።

ኦገስት መጣ። እማማ አይኖ አንድ ልጅ አላቸው፣ ኤሪክ የሚባል፤ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር። አንድ ሐሙስ ቀን እሳቸው ተኝተው ሳለ መጣ። ኩሽና ውስጥ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ "ለእናትሽ ንገሪልኝ" አለኝ። ለእናቱ "አ ቬሪ ናይስ ሆም" አግኝቷል። ሴፕቴምበር ላይ ይገባሉ። እሁድ መጥቶ ራሱ ይነግራቸዋል፤ እስከዚያ ምንም እንዳንል።

ሆም! ሆምወርክ፣ ሆም ኬር፣ ወደ ሆም የሚሄዱ ዓሦች። እንዴት ያለ ቀላል ቃል ነው። ወደ እናቴ ዞርኩና፣ "ለእናቱ በጣም ቆንጆ ቤት አግኝቶላቸዋል፤ ሴፕቴምበር ላይ ይገባሉ። እሁድ እስኪነግራቸው ዝም በሉ ብሏል" አልኳት።

እናቴ በሁለት እጇ እጁን ያዘችው። "አላህ ይባርክህ! ልጅ ማለት እንዲህ ነው! የወለደ አይከስርም!"

"ጥሩ ልጅ ነህ አለች" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ዓይን አፋር መስሎኝ ነበር።

አውቶብስ ውስጥ እናቴ ወሬዋ ሁሉ ቤቱ ሆነ። "ይሄ ደረጃ ከብዷቸው ነበር፤ ደረጃ የሌለው ይሆናል። ባዶ እጄንማ አዲስ ቤት እንኳን ደስ አለዎት አልልም።" እሁድ ድፎ ዳቦ ጋገረች። በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን ሄል ወቅጣ ጨመረችበት፣ ለእሳቸው ብላ። ሰኞ ጠዋት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ ሁለት አውቶብስ ቀይረን ባላርድ እስክንደርስ አፍንጫዬን ጨርቁ ላይ ደፍቼ አሸተትኩት።

እማማ አይኖ ኩሽና፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። እናቴ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሻሿን አስተካከለች፤ ሁለት እጇን ዘረጋች። "አላህ የሰላም ቤት ያድርግልዎ። ረጅም ዕድሜ ይኑሩበት።" እሁድ አልፏልና ምስጢር የለም። እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ በአዲሱ ሆምዎ እንኳን ደስ አለዎት አለች፣ አልኳቸው።

"የትኛው ሆም?"

"ኤሪክ ያገኘልዎት። ትናንት የነገረዎት።"

"ኤሪክ ትናንት አልመጣም። ኮል አድርጎ አልተመቸኝም አለ።" ዳቦውን አዩት፤ ከዚያ እኔን። "ምን ነበር ያለው? ቃል በቃል ንገሪኝ።"

ቃል በቃል ተብዬ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው። ነገርኳቸው። ሁለት መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ጠረጴዛው የሚሸሽባቸው ይመስል ያዙት። ከዚያ ተነስተው መኝታ ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ዳቦው እንደተጠቀለለ ቀረ።

"ምን ሆኑ? ምንድነው ያልሻቸው?" አለች እናቴ።

"እንኳን ደስ አለዎት ነው ያልኩት!"

አባቴ ከሥራ ሲመለስ እናቴ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነገረችው። "ቃሉ ምን ነበር?" አለኝ።

"ሆም። አ ቬሪ ናይስ ሆም።"

ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። አዛውንት በታክሲው ያመላልሳልና ቃሉን ያውቀዋል። "ፋጡማ፣ ሰውየው ነርሲንግ ሆም ማለቱ ነው። ያረጀ ሰው ቤቱን ትቶ የሚገባበት። አሁን ያሉበት ይዘጋል፣ ወይ ይሸጣል።"

እናቴ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ዋይ እኔ! ልጅየው ከቤታቸው ሊያስወጣቸው፣ እኔ ዳቦ ጋግሬ እንኳን ደስ አለዎት ልበል? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ።"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለ አባቴ። "ሁሉ ሰምቶ እሳቸው ብቻ ነበሩ ያልሰሙት።"

"ልጃቸው ዝም በሉ ብሎ ነበር፤ አሁን ሥራ ወደሰጠኝ ቢሮ ኮል ካደረገ የእኔም ሥራ አለቀ።"

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። በልጅ ጭንቅላቴ የገባኝ ሌላ ነበር፤ ቤት ሊገዛላቸው ነበር፣ እኔ አጣምሜ ስናገር ቃሉ ተበላሸና ነርሲንግ ሆም ሆነ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? እኔ ነኝ ከቤታቸው ያስወጣኋቸው።

እሮብ ስንደርስ የኤሪክ መኪና በር ላይ ቆሟል። ገባን። እማማ አይኖ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሰንበት የሚለብሱትን ሹራብ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ኤሪክ ከፊት ለፊታቸው ነው። ዳቦው በመሀላቸው፣ ጨርቁ እንኳ አልተፈታም።

"ንገሪልኝ" አለች እናቴ፣ ጎንበስ ብላ። "አጥፍቻለሁ፤ በማያገባኝ ገባሁ፤ እንደ እናት ይቅር ይበሉኝ።"

አፌን ከፈትኩ፤ እንግሊዝኛው ጠፋ። ለቅሶ ወጣ። "ሆም ሲል... ቤት መሰለኝ" አልኩ እየተንሰቀሰቅኩ። "እውነተኛ ሃውስ። አዲስ።"

የእማማ አይኖ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቁ ነው።

"ሎሂ" አሉ። "ሳልሞን አስገባሽበት!"

እጄን ያዙና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ይቺ ልጅ ባትኖር ሻንጣዬን አንስተህ በር ላይ ነበር የምትነግረኝ። ቤት አገኘህልኝ አለችኝ። እኔ ቤት አለኝ፣ ኤሪክ።"

ኤሪክ እስከ ጆሮው ቀላ። እሁድ ሊነግራቸው መጥቶ፣ ከመንገዱ ጫፍ እንደተመለሰ ያን ጊዜ ነው የተናገረው። ፈርቶ ነው። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ አንዴ ደግሞ ምድጃውን ሳያጠፉ ተኝተዋል። ለካ እሱም ልጅ ነው፤ የእሱም እናት እናት ናቸው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ረጅም ነገር ተናገረ። በሳምንት አምስት ቀን መምጣት ትችል እንደሆነ፣ ደረጃው ላይ መደገፊያ እንደሚያስገጥም፣ እስከ ፀደይ፣ "ኦን አ ትራያል"...

ትራያልን አውቃታለሁ። በዚያ ሰሞን ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ትራያል ነበር፤ ዳኛ፣ ጠበቃ፣ ተከሳሽ። እናቱን ፍርድ ቤት ሊያቆማቸው ነው! "እስከ ፀደይ ፍርድ ቤት..." ልል አማርኛው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። እናቴ ታየኛለች። እማማ አይኖ እጄን እንደያዙ ናቸው።

"አይ ዶንት ኖው" አልኩ። "ትራያል አልገባኝም። ምን ማለት ነው?"

ኤሪክ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሞክሮ ማየት ማለት ነው። ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነ እንደገና መነጋገር። እንደገና ጠየቅሁት፤ እንደገና ነገረኝ። ያን ጊዜ ብቻ ለእናቴ አንድ ሳልጨምር፣ አንድ ሳልቀንስ አቀረብኩላት።

"አምስት ቀን?" አለች። "ስድስትም እመጣለሁ በይው!"

እሱንም እንዳለ ተረጎምኩት። ኤሪክ ሳቀ፤ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

እማማ አይኖ ያን ጊዜ ጨርቁን ፈቱት። ዳቦው ሁለት ቀን አድሮ ጠንክሯል፤ ሄሉ ግን ኩሽናውን ሞላው። ቢላዋ ጠየቁ። "ለቤቴ የመጣ ዳቦ ነው አይደል?" አሉ። "እንግዲያው ቤቴ ውስጥ ይቆረሳል።" አራት ቦታ ቆረሱት። ሻይ ተቀዳ፤ ሁላችንም እየነከርን መብላት ጀመርን።

"ሰኞ ዕለት እናትሽ እጇን ዘርግታ ምን ነበር ያለችው?" አሉኝ። "ቃል በቃል።"

እናቴን አስደገምኳት። "አላህ የሰላም ቤት ያድርግልዎ" አለች፣ እየፈራች። "ረጅም ዕድሜ ይኑሩበት።"

ቤት የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሃውስ ልበል ወይስ ሆም? ሁለቱንም ምላሴ ላይ አገላበጥኳቸው። ጠረጴዛውን አየሁት፣ የሄሉን ብልቃጥ አየሁት፣ እጃቸውን አየሁት።

"ሆም" አልኩ።

"አሜን" አሉ እማማ አይኖ።

እናቴም ሳልተረጉምላት "አሚን" አለች።